በኬዮስ የተመሰጠረ ምስል የት ላይ ይሰበራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በምስል ምስጠራ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ የደብረ ማርቆስ፣ የባሕር ዳርና የእንጅባራ ተማሪዎች ነው። የብራና ቅጂ፣ የራጅ ፎቶ ወይም የመሬት ይዞታ ደብተር ስካን ይዘው «በምን ልቆልፈው?» ለሚሉ ሰዎችም ይጠቅማል። ቀመሮቹን በፊደላችን ጽፈናቸዋል፦ ሀ አሁን ያለው ዋጋ፣ ረ የማፑ መለኪያ፣ ግ ግልጹ ፒክስል፣ ም የተመሰጠረው ፒክስል፣ ቁ ከቁልፉ የወጣው ቁጥር ነው። ⊕ ኤክስኦርን ያመለክታል፤ ሁለት ቁጥሮችን ቢት በቢት አነጻጽሮ ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 የሚጽፍ ስሌት ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተጋጠመ ይጣፋል።

በኬዮስ መመስጠር ሲባል በተግባር ምን ይደረጋል?

ሁለት ነገር ይደረጋል። አንደኛ፣ ፒክስሎቹ እንደ ካርታ ይበወዛሉ፤ ቦታቸው ይለወጣል እንጂ ዋጋቸው አይነካም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ፒክስል ከቁልፉ በወጣ ቁጥር ይሸፈናል፤ መሸፈኛው ብዙውን ጊዜ ኤክስኦር ነው። የሚበውዘውም የሚሸፍነውም የቁጥር ተርታ የሚመነጨው ከኬዮስ ማፕ ነው፤ ይህም ከአንድ ቁጥር ተነስቶ በቀላል ቀመር ቀጣዩን እያሰላ የሚሄድ፣ መነሻው በጥቂቱ ቢለወጥ ተርታው ፈጽሞ የሚለያይ ስሌት ነው። ከሁሉ የታወቀው ሎጂስቲክ ማፕ ነው፦ አዲሱ ሀ = ረ × ሀ × (1 − ሀ)። ረ ከ3.57 ግድም እስከ 4 ባለው ክልል ሲሆን ሀ በ0 እና በ1 መካከል ያለ ሥርዓት የሚዘልል ይመስላል። ምስጢር ተብለው የሚያዙት መነሻው ሀ እና ረ ናቸው።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ሮበርት ማቲውስ በ1989 ከሎጂስቲክ ማፕ የተወለደ ምስጠራ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ዊለር የተባሉ ተመራማሪ ተርታው ኮምፒውተር ላይ አጭር ዑደት ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አመለከቱ። ጄሲካ ፍሪድሪች በ1998 በውዞ የመሸፈንን አሠራር ለምስል አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ የቀረቡት እጅግ ብዙ አሠራሮች አጥንታቸው የእርሳቸው ነው።

ኬዮስ የማይገመት ነው ይባላል። ታዲያ እንዴት ይሰበራል?

የማይገመተው መነሻውን ለማያውቅ ነው፤ ሰባሪው ግን መነሻውን እንዲገምት የሚያስገድደው ነገር የለም። የሚፈልገው ከመነሻው የወጣውን የቁልፍ ተርታና የበወዛውን ዝርዝር ነው። እነዚህን ሁለቱን ከያዘ ትክክለኛው ሀ እና ረ ስንት እንደነበሩ ሳያውቅ እድሜውን ሙሉ ምስሎቹን ይከፍታል። ይህን ነጥብ ያልያዘ ሰው የቁልፍ ብዛት ሲቆጥር ይውላል። በኬዮስ የምስል ምስጠራ ላይ ከታተሙ ስብራቶች ብዙዎቹ ቁልፉን ሳይነኩ ያለፉ ናቸው።

ጥቁር ምስል ብቻ በመላክ ቁልፍ ይገኛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ተርታው በምስሉ ይዘት ላይ ካልተመሠረተና አንድ ቁልፍ ለብዙ ምስል ካገለገለ ይገኛል። ም = ግ ⊕ ቁ ነው። ግ ዜሮ ከሆነ ም ራሱ ቁ ነው። 256 በ256 የሆነ ድፍን ጥቁር ምስል አስመስጥሮ የተቀበለ ሰው 65,536ቱን የቁልፍ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ተረከበ ማለት ነው።

ጥቁር ምስል የሚልክ ሰው ባይኖርስ? የራጅ ፎቶ ይመልከቱ። የደረት ራጅ ዙሪያውን ብዙውን ጊዜ ድፍን ጥቁር ጠርዝ አለው፤ በዚያ ጠርዝ ላይ የተመሰጠረው ምስል ቁልፉን ራቁቱን ያሳያል። በዚያው ቁልፍ የተመሰጠረ ሌላ ምስል በእነዚያ ቦታዎች ላይ ወዲያው ይከፈታል። የብራና ሕዳግ እንደ ራጅ ጠርዝ ድፍን አይደለም፤ ቆዳው ላይ ጥላና ነጠብጣብ አለ። ሆኖም ከዲማ ጊዮርጊስም ይሁን ከመርጡለ ማርያም የተቀዳ ገጽ ሕዳጉ ፈዘዝ ያለ እንደሚሆን ማንም ይገምታል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ፒክስል የላይኞቹ ቢቶች ይታወቃሉ፣ የቁልፉም የላይኞቹ ቢቶች አብረው ይወጣሉ።

በኮምፒውተር የሚሞላ ቅጽ ከዚህ ይብሳል። የሁለት ገበሬዎች የይዞታ ቅጽ በአንድ ቁልፍ ቢመሰጠርና ሁለቱ የተመሰጠሩ ፋይሎች በኤክስኦር ቢጋጠሙ ቁልፉ ይጣፋል፤ ሁለቱም ላይ ያለው የታተመ ክፍል እንዲሁ ይጣፋል። የሚቀረው የተለያየው ብቻ ነው፤ የሁለቱ ስምና የማሳቸው ስፋት ተደራርበው ስክሪን ላይ ይነበባሉ።

መበወዝ ብቻውን አይበቃም? ምስሉ እኮ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ይታያል።

ለዓይን ይጠፋል። ነጭና ቀይ ጤፍ ቢቀላቀል ሰርገኛ ይሆናል፤ የነጩና የቀዩ ፍሬ ብዛት ግን ያው ነው። የተበወዘ ምስልም ሂስቶግራሙ (እያንዳንዱ የፒክስል ዋጋ ስንት ጊዜ እንዳለ የሚያሳየው ግራፍ) ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። ይህ ገና ትንሹ ችግር ነው።

ትልቁ ችግር የበወዛው ዝርዝር በጥቂት ምስል መውጣቱ ነው። 256 በ256 ለሆነ ግራጫ ምስል ሁለት የተመረጡ ምስሎች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ምስል እያንዳንዱ ፒክስል ዋጋው የቆመበት ዓምድ ቁጥር ይሁን፤ ከግራ ወደ ቀኝ 0፣ 1፣ 2 እያለ እስከ 255። በሁለተኛው ምስል ዋጋው የረድፉ ቁጥር ይሁን። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ያስመስጥሩ። አሁን ከወጡት ምስሎች ላይ ለምሳሌ በረድፍ 10፣ ዓምድ 20 ላይ ያለውን ያንብቡ። አንደኛው 201፣ ሁለተኛው 47 ካለ፣ እዚያ የቆመው ፒክስል የመጣው ከረድፍ 47፣ ዓምድ 201 ነው። ለ65,536ቱም ቦታ ይህን የሚያነብ የፓይተን ኮድ ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ምስሉ 512 በ512 ሲሆን የቦታ ቁጥሩ 18 ቢት ስለሚፈልግና አንድ ፒክስል 8 ቢት ብቻ ስለሚይዝ ሦስት ምስል ያስፈልጋል። ባለ ቀለም ሆኖ ሦስቱ ቀለማት ሳይነጣጠሉ አብረው ከተበወዙ ደግሞ አንድ ፒክስል 24 ቢት ስለሚይዝ አንድ ምስል ብቻ ይበቃል። የበወዛው ስልት ምንም ያህል የተወሳሰበ ቢሆን ይህ ቁጥር አይጨምርም።

የአርኖልድ የድመት ማፕስ?

(እዚህ ሀ እና ለ የፒክስሉ የቦታ ቁጥሮች ናቸው) ቦታ (ሀ፣ ለ)ን ወደ (ሀ + ለ፣ ሀ + 2ለ) ወስዶ በምስሉ ጎን ልክ አካፍሎ ቀሪውን የሚይዝ ነው። ዑደቱ አጭር ነው፤ 256 በ256 ምስል በ192 ዙር፣ 512 በ512 በ384 ዙር፣ 124 በ124 ደግሞ በ15 ዙር ብቻ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ256 በ256 ምስል ላይ ዙሩን ምስጢር አድርጎ የያዘ ሰው ምስጢሩ ቢበዛ 192 አማራጭ ነው። የላይኛው ግራ ጥግ ላይ ያለው ፒክስል ደግሞ በስንትም ዙር ከቦታው አይነቃነቅም።

ሁለቱን አጣምሬ፣ ፒክስሉን ከቀደመው ጋር ካያያዝኩት ይጠነክራል?

ማያያዝ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚያያይዝበት መንገድ ግን ቀጭን ነው። የተለመደው ይህ ነው፦ አሁን የሚወጣው ም = ግ ⊕ ቁ ⊕ ቀደም ያለው ም። ችግሩ ቀደም ያለው ም ምስጢር አለመሆኑ ነው፤ ሰባሪው ፋይሉ ላይ ያየዋል። ስለዚህ ጎረቤታሞቹን ሁለት የተመሰጠሩ ፒክስሎች በኤክስኦር ሲያጋጥም ማያያዣው ይወልቃል፤ ግ ⊕ ቁ ብቻውን ይቀራል።

በቁጥር እንየው። ጥቁር ምስል ተመስጥሮ ሁለት ተከታታይ ፒክስሎች 143 እና 58 ሆኑ እንበል። 143 ⊕ 58 = 181፤ ግ ዜሮ ስለነበረ ቁ 181 ነው። አሁን በዚያው ቁልፍ የተመሰጠረ የማናውቀው ምስል በእነዚያው ቦታዎች ላይ 200 እና 97 አለው። 200 ⊕ 97 = 169፣ 169 ⊕ 181 = 28። የተደበቀው ፒክስል 28 ነበር። ይህ በእስክሪብቶና በወረቀት የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ በውዞ በኋላ ለሚሸፍን አሠራርም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ጥቁር ምስል ቢበወዝም ጥቁር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእርሱ ሽፋኑን ይገፍፋሉ። ቀጥሎ ከላይ ያየናቸውን ሁለት ምስሎች ያስገባሉ። በድምሩ ሦስት ምስል።

ዙሩን ከአንድ ወደ አምስት ባደርገውስ?

የምትጠቀሙበት ነገር ኤክስኦርና መበወዝ ብቻ ከሆነ አምስትም ሃምሳም ዙር አንድ ነው። ሁለቱም መስመራዊ ናቸው (በኤክስኦር ተጋጥሞ የገባው ተጋጥሞ ይወጣል)፤ መስመራዊ በመስመራዊ ላይ ቢደረደር መስመራዊ ነው። ይህን ኮድ ሳያነቡ መፈተሽ ይቻላል። ሦስት የተለያዩ ምስሎችን በአንድ ቁልፍ ያስመስጥሩ። የወጡትን ሦስት ፋይሎች በኤክስኦር ያጋጥሙ። ሦስቱን ግልጽ ምስሎችም እንዲሁ አጋጥመው፣ የተገኘውን አራተኛ ምስል በዚያው ቁልፍ ያስመስጥሩ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ከሆኑ ምስጠራው ወድቋል፤ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም።

ከኤክስኦር ጋር የባይት መደመር ወይም የመተኪያ ሠንጠረዥ ሲገባ ይህ ፈተና አይይዝም፤ ብዙ ዙርም በእርግጥ ሥራውን ያከብዳል። ያም ሆኖ ፍሪድሪች የነደፉት ባለ ብዙ ዙር አሠራር በ2010 ሶላክና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት፣ ሰባሪው የመረጠውን የተመሰጠረ ፋይል በማስፈታት በሚሠራ ጥቃት ተሰብሯል። የተመሰጠረው ፋይል ላይ አንድ ፒክስል ለውጦ ሲፈታ የትኞቹ ፒክስሎች እንደተነኩ ማየት ነው መነሻው።

ኢንትሮፒው 7.997፣ ኤንፒሲአር 99.61፣ ዩኤሲአይ 33.46 ወጣልኝ። ይህ ደኅንነቱን አያረጋግጥም?

አያረጋግጥም። ኢንትሮፒ ባይቶቹ ምን ያህል እኩል እንደተሰራጩ ይለካል፤ ኤንፒሲአር አንድ ፒክስል ሲለወጥ ከተመሰጠረው ምስል ስንት በመቶው እንደሚለወጥ፣ ዩኤሲአይ ደግሞ ለውጡ በአማካይ ምን ያህል እንደሆነ ይለካሉ። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ፋይሉ የዕጣ ቁጥር መምሰሉን ብቻ ነው። 99.6094 በመቶ የሚመጣው 255ን ለ256 ከማካፈል ነው፤ 33.4635 በመቶ ደግሞ 257ን ለ768 ከማካፈል። ሁለት በዘፈቀደ የተሞሉ ምስሎች ቢነጻጸሩ የሚወጡ አማካዮች ናቸው። 65,536 የዘፈቀደ ባይቶችም ኢንትሮፒያቸው ሲለካ 7.997 ግድም ይሰጣል።

ለማየት የሚከተለውን ይሞክሩ። ከምስሉ ሻ-256 አሻራ (የትኛውንም ፋይል ወደ 32 ባይት የሚያሳጥር ስሌት ውጤት) ያውጡ። አሻራውን መነሻ አድርገው የዘፈቀደ ባይቶች ያመንጩና ከምስሉ ጋር በኤክስኦር ያጋጥሙ። ከዚያ አሻራውን ራሱን በግልጽ ከፋይሉ ፊት ይለጥፉት። አንድ ፒክስል ሲለወጥ አሻራው ከሥር ስለሚገለበጥ ኤንፒሲአሩ 99.6 ይላል፣ ዩኤሲአዩ 33.46 ይላል፣ ሂስቶግራሙ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የጎረቤት ፒክስሎች ዝምድና ዜሮ አጠገብ ይወርዳል። ይህ «ምስጠራ» ግን ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም! አሻራውን ያነበበ ሁሉ ይከፍተዋል። ፕራይሹበርና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባወጡት ጥናት ሆን ተብሎ ደካማ የተደረጉ ምስጠራዎች እነዚህን ፈተናዎች እንደሚያልፉ አሳይተዋል።

ፈተናው የሚጠቅመው ለመጣል ነው፤ ያላለፈው በእርግጥ የተበላሸ ነው። ያለፈው ገና አልተመረመረም።

የቁልፌ ብዛት 10 በ60 ኃይል ነው። በግምት ማን ይደርስበታል?

በግምት ማንም አይደርስበትም፤ ከላይ እንዳየነው ግን በግምት የሚመጣም የለም። አልቫሬዝና ሊ በ2006 ለኬዮስ ምስጠራ መስፈርት ሲያወጡ የቁልፍ ብዛት ከ2 በ100 ኃይል መብለጥ አለበት ብለዋል። ያ ዝቅተኛው መግቢያ ነው፤ የማለፊያ ውጤት አይደለም።

ቁጥሩም ራሱ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ረን 3.83 አድርገው ሎጂስቲክ ማፑን ያስሂዱ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ 0.1561፣ 0.5047፣ 0.9574 እያለ ሦስት ቁጥር ብቻ ይደጋግማል። ይህ በኬዮሱ ክልል ውስጥ ያለ መስኮት ነው፤ መሰሎቹም ብዙ ናቸው። ረ 4 ሲሆን ደግሞ ከ0.75 ቢነሱ እዚያው ይቆማሉ፣ ከ0.25 ቢነሱ በአንድ እርምጃ 0.75 ላይ ይወድቃሉ፣ ከ0.5 ቢነሱ በሁለት እርምጃ ዜሮ ይሆናሉ። 0.375 እና 0.625 «ሁለት ቁልፍ» ናቸው ተብለው ይቆጠራሉ፤ የሁለቱም ቀጣይ 0.9375 ነው፣ ከዚያ ወዲያ ልዩነት የላቸውም። እያንዳንዱ ሀ ከ1 − ሀ ጋር እንዲህ ይጣመራል፤ ግማሹ ቁልፍ በዚህ ብቻ ሄደ።

«ቁልፉ እስከ 10 በ−17 ኃይል ለውጥ ይሰማዋል» የሚል ካነበቡ ይጠርጥሩ። በ64 ቢት ቁጥር 0.35 ላይ 10 በ−17 ኃይል ቢጨመር ኮምፒውተሩ ያንኑ ቁጥር ነው የሚይዘው።

ከተርታው የመጀመሪያዎቹን መጣል ለምን ያስፈልጋል?

ረ 4 ሲሆን ልዩነት በየዙሩ በአማካይ እጥፍ ይሆናል። በ10 በ−15 ኃይል የሚለያዩ ሁለት ቁልፎች ባይታቸው ለመለያየት 40 ዙር ግድም ይፈጃሉ። ካልጣሉ የምስሉ የመጀመሪያዎቹ 40 ፒክስሎች በቅርብ ቁልፍም ይከፈታሉ። 1,000 መጣል የተለመደ ነው፤ ወጪውም ኢምንት ነው።

ሌላም አለ። ሀን በ256 አባዝተው የፊቱን ክፍል እንደ ባይት ከወሰዱ ተርታው ሚዛኑን አይጠብቅም። ረ 4 ሲሆን ዋጋዎቹ በ0 እና በ1 አጠገብ ይከማቻሉ፤ ባይት 0 መውጣት የነበረበት በ0.39 በመቶ ሆኖ ሳለ በ4 በመቶ ይወጣል። አሥር እጥፍ ነው። ከዚህም በላይ ተከታታይ ባይቶችን በግራፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው የሎጂስቲክ ማፑን ቅስት በዓይኑ ያየዋል፤ ከቅስቱ ቁመት ረን ያነባል።

ማትላብ ላይ ይሠራል፣ ስልክ ላይ ግን አይፈታም። ምን ሆኖ ነው?

ቁልፉ አልተሳሳተም፤ የቁጥሩ ማጠጋጋት ተለያየ። ረ × ሀ × (1 − ሀ) እና ረ × ሀ − ረ × ሀ × ሀ በሒሳብ አንድ ናቸው፤ በኮምፒውተር ግን የመጨረሻዋ ቢት ላይ ይለያያሉ። ያቺ ቢት በየዙሩ እየተባዛች 50 ዙር ግድም ላይ ተርታውን በሙሉ ሌላ ታደርገዋለች። የኮምፓይለር ማፋጠኛ፣ ማባዛትና መደመርን አንድ ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ ወይም የ32 ቢት ቁጥር መምረጥ ሁሉም ይህን ያመጣሉ። መፍትሔው የነጥብ ቁጥርን ትቶ በ64 ቢት ሙሉ ቁጥር መሥራት ነው።

ነጥብ ቁጥር ሌላም ዕዳ አለው። የድንኳን ማፕን ይውሰዱ፦ ሀ ከ0.5 በታች ከሆነ 2ሀ፣ ካልሆነ 2 × (1 − ሀ)። ከ0.1 ይጀምሩና በ64 ቢት ያስሂዱት። 60 ዙር ሳይሞላ ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያም አይነሳም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሁለት ማባዛት ለኮምፒውተር አንድ ቢት ወደ ግራ መግፋት ነው፣ ቢቶቹ ሲያልቁ ተርታውም አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ምስል በሙሉ በዜሮ ነው «የተመሰጠረው»፤ ማለትም አልተመሰጠረም።

ቁልፉን ከምስሉ ይዘት ጋር ባስተሳስረውስ?

ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ ጥቁር ምስል የመላኩን መንገድ ይዘጋል። የሚበላሸው በአፈጻጸም ነው። የፒክስሎችን ድምር የሚጠቀሙ አሉ፤ ሁለት ፒክስሎች ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ አይነካም፣ ተርታውም አይለወጥም። ድምሩ ለ256 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ከተወሰደማ ምስሎች ሁሉ በ256 ተርታ ተከፋፈሉ ማለት ነው። ሰባሪው አንድ ፒክስሉ ብቻ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3 የሆነ፣ የቀረው ድፍን ጥቁር የሆነ ምስል እያስገባ 256ቱንም ይሰበስባል።

ሻ-256 ከድምር በጣም ይሻላል። ነገር ግን ተቀባዩ ምስሉን ሳይፈታ አሻራውን ሊያሰላ ስለማይችል አሻራው መላክ አለበት። በምስጢር ከተላከ ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ 32 ባይት ምስጢር ማድረስ ሊኖርብዎ ነው። በግልጽ ከምስሉ ጋር ከተላከና ከምስጢራዊው ቁልፍ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ፣ ማስፈታት የሚችል ሰው ያንኑ አሻራ ይዞ ሁሉም ፒክስል ዜሮ የሆነ ፋይል ያስገባል፤ የሚወጣው ተርታው ነው። ፈቺው ከፈታ በኋላ አሻራውን እንደገና አስልቶ ካልገጠመ ምንም ሳያሳይ እንዲጥል ቢደረግ ይህ ቀዳዳ ይዘጋል። ብዙ ኮድ ይህን አያደርግም።

የዲኤንኤ ኮድ፣ ሃይፐርኬዮስ፣ አዲስ ባለ አምስት ልኬት ማፕ?

የዲኤንኤ ኮድ ሁለት ሁለት ቢትን በአራት ፊደል መተካት ነው። የዲኤንኤን የማጣመር ሕግ (ኤ ከቲ፣ ሲ ከጂ ጋር) የሚያሟሉት 8 ሕጎች ብቻ ናቸው፤ ሦስት ቢት ቁልፍ። አራት ነገሮችን በአራት መተኪያ 24 መንገድ አለ፣ ሃያ አራቱም በቢት ደረጃ መስመራዊ ናቸው። ከኤክስኦር ጋር ሲሆን ያ የሦስት ምስል ፈተና ይይዘዋል። ሃይፐርኬዮስም (በብዙ ልኬት የሚዘልል ኬዮስ) ሆነ ሌላ አዲስ ማፕ ማምጣት ተርታውን እንጂ አያያዙን አይለውጥም፤ ድክመቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው።

ሰባሪው አሠራሩን ካላወቀስ?

እንደሚያውቅ አድርገው ይቁጠሩ። ኬርክሆፍስ በ1883 ያስቀመጡት ደንብ ነው፤ ምስጢሩ ቁልፉ ላይ ብቻ ይሁን። ኮዱ ላፕቶፕ ላይ አለ፣ ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፣ ፍላሽ ይጠፋል።

ኤኢኤስ ለምስል አይሆንም ሲባል ሰምቻለሁ።

በመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ላይ የሚደጋገም አባባል ነው፤ ስህተት ነው። ኤኢኤስ የተለመደው መደበኛ የመረጃ ምስጠራ ነው፤ በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መስፈርት ሆኖ ጸደቀ፤ ለእርሱ ባይት ባይት ነው፣ ከጽሑፍ ይምጣ ከፎቶ። አባባሉ የተነሳው ኢሲቢ ከሚባለው አጠቃቀም ነው። በኢሲቢ አንድ ዓይነት 16 ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጥ የምስሉ ቅርጽ ይታያል። በሲቲአር ወይም በጂሲኤም (እያንዳንዱ ቁራጭ በተለየ ቁጥር በሚመሰጠርባቸው አጠቃቀሞች) ሲሠራ ምንም አይታይም። ፍጥነቱም ቢሆን፣ የኤኢኤስ ትእዛዝ ያለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በሰከንድ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይመሰጥራል፤ 1024 በ1024 የሆነ ባለ ቀለም ምስል 3 ሜጋባይት ነው፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ያ ትእዛዝ ለሌለው ርካሽ ስልክ ቻቻ20 የተባለ ሌላ ምስጠራ አለ።

ታዲያ የብራና ቅጂዎቼን ወይም የራጅ ፎቶዎቼን በምን ልቆልፍ?

ፕሮግራም የማይጽፉ ከሆነ ሰቨን-ዚፕ ይበቃል። ፋይሎቹን መርጠው ቅርጸቱን 7ዜድ ያድርጉ፤ ኤኢኤስ-256 ከነባሩ ተመርጦ ይገኛል። የፋይል ስሞችንም እንዲመሰጥር የምትለዋን ሳጥን ይጫኑ፤ «የእገሌ ራጅ» የሚል ስም ራሱ ምስጢር ያወጣልና። የይለፍ ቃሉ በዘፈቀደ የተመረጡ ስድስት ቃላት ይሁን። የዳዊት መዝሙር መጀመሪያ፣ የታወቀ ተረትና ምሳሌ ወይም ሰው በቃሉ የሚይዘው ቅኔ አይሁን። በፊደላችን የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ ቆልፎ «ጸሀይ» ብሎ መክፈት አይቻልም። እነዚህ ፊደሎች የሌሉባቸውን ቃላት ይምረጡ። ይለፍ ቃሉን በስልክ ይንገሩ እንጂ ከፋይሉ ጋር አይላኩ።

ኮድ የሚጽፉ ከሆነ ሊብሶዲየም የተባለውን የምስጠራ ኮድ ስብስብ ይጠቀሙ፤ ኤክስቻቻ20-ፖሊ1305 ቁልፉ 32 ባይት፣ ኖንሱ (በአንድ ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር) 24 ባይት፣ ማረጋገጫ ማኅተሙ 16 ባይት ነው። ቁልፉን ከይለፍ ቃል በአርጎን2 (ግምትን በሚያዘገይ የይለፍ ቃል ስሌት) ያውጡ። በኤኢኤስ-ጂሲኤም ከሠሩ ኖንሱ 12 ባይት ነው፤ በአንድ ቁልፍ አንድን ኖንስ ሁለት ጊዜ መጠቀም ወደ ጥቁሩ ምስል ታሪክ ይመልሳል። ማኅተሙ ትርፍ ነገር አይደለም። በኤክስኦር ብቻ የተሸፈነ ራጅ ላይ ቁልፉን የማያውቅ ሰው ቢት ገልብጦ ሐኪሙ የሚያየውን ሊለውጥ ይችላል፤ ማኅተም ካለ ፋይሉ አልከፈትም ይላል።

መመረቂያዬ በኬዮስ ላይ ነው፤ ርዕሱም ጸድቋል። ምን ላድርግ?

ርዕሱን መጣል አያስፈልግም። ጥሩ የመስበር ሥራ ከሌላ አዲስ ማፕ ይልቅ ዋጋ አለው፤ የታተመ አንድ አሠራር ወስዶ በስንት ምስልና በስንት ደቂቃ እንደሚወድቅ ማሳየት ራሱን የቻለ መመረቂያ ነው። የራስዎን የሚያቀርቡ ከሆነ ግን ለአማካሪዎ ከማሳየትዎ በፊት ይህን በራስዎ ላይ ያድርጉ፦ ድፍን ጥቁርና ድፍን ነጭ ምስል ያስመስጥሩ፣ የረድፍና የዓምድ ምስሎቹን ያስገቡ፣ የሦስት ምስል ፈተናውን ይሥሩ፣ ሁለት ፒክስል አለዋውጠው ተርታው መለወጡን ይዩ፣ ከተመሰጠረው ፋይል አንድ ፒክስል ለውጠው ሲፈታ ስንት ፒክስል እንደተነካ ይቁጠሩ። ውጤቱን ቢወድቅም ይጻፉት። የኢንትሮፒውን ሠንጠረዥ በአንድ አንቀጽ ያሳልፉትና ገጹን ለዚህ ይስጡ።

የተመሰጠረውን ምስል በቴሌግራም ልኬ ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ሊፈታው አልቻለም።

እንደ ፎቶ ልከውት ነው። ቴሌግራም ፎቶን በጄፔግ ያጨምቃል፤ ለተፈጥሮ ፎቶ ዓይን አያውቀውም፣ ለተመሰጠረ ምስል ግን እያንዳንዱ ፒክስል ተነካ ማለት ነው። በፒኤንጂ ወይም በቢኤምፒ አስቀምጠው «እንደ ፋይል» ይላኩ። የተመሰጠረ ምስል በፒኤንጂም ቢሆን አይቀንስም፤ ማሳነስ ከፈለጉ ከመመስጠርዎ በፊት ያሳንሱ። ከዚያ ሁለታችሁም የፋይሉን ሻ-256 አሻራ አውጥታችሁ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ምልክቶች በስልክ ተነባበቡ። ከገጠመ ፋይሉ ሳይነካ ደርሷል፤ ችግሩ ያለው ከላይ ያየነው የነጥብ ቁጥሩ ላይ ነው።